ውጪ ብቻ የምትሸና ውሻችን በድንገት ቤት ውስጥ ጀመረች፤ ምን ነክቷት ይሆን?

የቡኒ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። ቡኒ የምትባል የ6 ዓመት ውሻ አለችን። ከመጠለያ ነው ያመጣናት። ቅይጥ ናት፣ 20 ኪሎ ትመዝናለች፣ እንዳትወልድ በቀዶ ሕክምና ማህፀኗ ወጥቷል። ከቡችላነቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ ሸንታ አታውቅም። ሲያጣድፋት በሩ ጋ ሄዳ ትቆማለች፤ በረዶም ቢሆን ውጪ ወጥታ ነው።

አሁን ግን ምንጣፍ ላይ ጀመረች። አንዴ ኮሪደር፣ አንዴ ሳሎን፣ አንዴ እዚያው በሩ ሥር። ነገሩ የመጣው እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣች ወዲህ ነው። እማዬ የምታውቀው ውሻ ግቢ የሚጠብቅ ነው። "ጸሎት የሚደረስበት ቤት ውስጥ ውሻ ምን ይሠራል?" እያለች ነጋ ጠባ ትቆጣለች። ባለቤቴ ደግሞ "ውሻዋ እልህ ይዟት ነው፣ ሆን ብላ ነው" ይላል። እኔ መሃል ቤት ተቃጠልኩ። ምንጣፉ የአከራዩ ነው፤ ስንለቅ ያስያዝነው ብር መቅረቱ ነው። ምን ላድርግ?

ሸገር ነኝ

ቅናት ነዋ! እናትሽ መጥተው ሶፋ ላይ ቦታዋን ያዙባት። እሷም መልስ ሰጠች። ለእናትሽ ሌላ ወንበር ግዢላቸው፣ አለቀ።

ቴክኒሻኗ

እህቴ፣ እኔ ቨርጂኒያ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በቴክኒሻንነት እሠራለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን በየሳምንቱ "እልህ ይዟት ነው" ተብላ የምትመጣ ውሻ አናጣም። ስለ ቅናት ከማውራታችን በፊት ሽንቷ ይመርመር። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል።

እስከዚያ እነዚህን ተመልክተሽ ንገሪኝ። የምትሸናው ብዙ ነው ወይስ ጥቂት ጥቂት? ነቅታ ቁጢጥ ብላ ነው ወይስ ተኝታ ሳለች ነው የሚያመልጣት? ውሃ መጠጣቷ ጨምሯል? ቀለሙ እንዴት ነው? ከኋላዋ ራሷን ትልሳለች?

እነዚህን የምጠይቅሽ በከንቱ አይደለም። አሸናኗ ራሱ ብዙ ይናገራል። ቶሎ ቶሎ ቁጢጥ እያለች ጠብ ጠብ የምታደርግ ከሆነ ነገሩ ፊኛዋ ላይ ነው፤ ኢንፌክሽን ወይም ጠጠር። ተኝታ የነበረችበት ቦታ ርሶ ከተገኘና እሷም ያላወቀችው ከመሰለች፣ ሽንት የሚይዘው ጡንቻ ላልቷል ማለት ነው። ይህ ማህፀናቸው በወጣ ሴት ውሾች ላይ የታወቀ ነው፤ ከ20 ኪሎ በላይ የሆኑት ላይ ደግሞ ይበዛል። መድኃኒት አለው፤ ፌኒልፕሮፓኖላሚን ይባላል፣ አብዛኞቹ ላይ ጥሩ ይሠራል። ትልቅ ኩሬ የምታደርግ ከሆነና የውሃ ሳህኗ ቶሎ ቶሎ ባዶ የሚሆን ከሆነ ግን ፊኛውን ትተን ስኳር፣ ኩላሊት፣ ኩሺንግ የሚባለውን የሆርሞን በሽታ እናስባለን።

የቡኒ እናት

እግዜር ይስጥሽ! ዛሬ ዓይኔን ሳልነቅል ዋልኩ። ጥቂት ጥቂት ነው። ነቅታ ነው የምታደርገው። አሁን ከውጪ ገብታ ትንሽ ቆይታ ደግሞ በሩን ትቧጭራለች። ሳወጣት ቁጢጥ ትላለች፣ ታምጣለች፣ የሚወጣው ግን ጠብታ ነው። አዎ፣ ራሷን ትልሳለች። ቀለሙ ትንሽ ደፈረስ ያለ መሰለኝ፤ ምንጣፉ ቡናማ ስለሆነ አይለይም።

ቴክኒሻኗ

ነጭ የወረቀት ፎጣ አድርጊበትና እዪ። ሮዝ ከሆነ ደም ነው። ለማንኛውም ነገ ቀጠሮ ያዢ። የምትነግሪኝ የእልህ ምልክት አይደለም፤ የሚያቃጥላት ነገር አለ። በሩ ሥር መሸናቷም ለመውጣት ሞክራ እንዳልቻለች ነው የሚያሳየው።

የድሮው ሰው

እናንተ የውጪ ሰዎች ውሻን ሰው አደረጋችሁት። እኛ ቤት ብልሃቱ ቀላል ነበር። የሸናችበት ቦታ ትወሰዳለች፣ አፍንጫዋ ይነከራል፣ አንድ ሁለት ጥፊ ትቀምሳለች። ሁለተኛ አትደግምም። ደግሞ ጥፋቷን ታውቃለች። ስትገቡ ጆሮዋን ጥላ፣ ጭራዋን ወሽቃ የምትሸሸው ለምን ይመስላችኋል?

ቴክኒሻኗ

አባቴ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ፊኛዋን የሚያቃጥላትን ውሻ ቢመቱ ማቃጠሉን አይተውም። የሚመጣው ለውጥ አንድ ነው፤ ከሶፋ ጀርባ ተደብቃ መሽናት ትጀምራለች። ያኔ እርስዎም "ተወች" ይላሉ። ሽታው እስኪያጋልጣት ድረስ።

ማታ አንባቢ

ያ "ጥፋቴን አውቃለሁ" የሚመስል ፊት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሌክሳንድራ ሆሮዊትስ የተባለች አሜሪካዊት የውሻ ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ጥሩ ሙከራ አሳትማለች። ባለቤቱ ውሻውን "ይህን ምግብ እንዳትነካ" ብሎ ይወጣል። አንዳንዱ ውሻ ይበላል፣ አንዳንዱ አይበላም። ባለቤቱ ግን የሚነገረው ሁልጊዜ እውነቱ አይደለም። ያላጠፋውም ውሻ "አጥፍቷል" ተብሎ ይቆጡታል። ውጤቱ ምን ሆነ? ያ ጥፋተኛ የሚመስለው ፊት የመጣው ውሻው ስላጠፋ ሳይሆን ባለቤቱ ስለተቆጣ ነው። ውሻው የሚያነበው የእኛን ፊት ነው ማለት ነው።

የድሮው ሰው

እሺ፣ ጥናት ካላችሁ። የእኛ ውሻ ግን እስኪሞት ቤት ውስጥ አልሸናም።

ሸገር ነኝ

ጋሼ፣ የእርስዎ ውሻ ቤት ውስጥ ገብቶ ያውቃል እንዴ?

የድሮው ሰው

አያውቅም።

ገርጂ

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። የእኛ ጀርመን ሼፐርድ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ነው የሚተኛው፤ ቀን ቤት ይገባል። ቆዳው እያሳከከው ሐኪም ዘንድ ሄደን መድኃኒት ተሰጠው። ወዲያው ባልዲ ውሃ ይጠጣ ጀመር፣ ሳሎኑን አጥለቀለቀው። ልጆቹ "አረጀ" አሉ። ለካ መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን ነው። ይህን የሚወስድ ውሻ ውሃ ጥሙም ሽንቱም ይጨምራል፤ ረሃቡም እንዲሁ። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ሲቀንስለት ነገሩም ቀነሰ። ስለዚህ ውሻችሁ አዲስ መድኃኒት ከጀመረ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ቴክኒሻኗ

ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ማንም ይህን አንብቦ መድኃኒቱን ድንገት እንዳያቆም! ፕሬድኒሶሎን በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሰውነት ይታወካል። ሐኪሙ ነው የሚቀንሰው። ለልብ ሕመም የሚሰጠው ላሲክስም ሽንት ያበዛል፤ ሥራው ነው። የሚጥል በሽታ ላለባቸው የሚሰጠው ፌኖባርቢታልም እንዲሁ ነው።

ውሃ መጨመሩን በዓይን አትገምቱ፣ ለኩት። ጠዋት በሊትር ሰፍራችሁ ቅዱ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን ቀንሱ። ውሻው በ24 ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ ጤነኛ አይደለም። እንደ ቡኒ 20 ኪሎ ለሆነች ውሻ 2 ሊትር መሆኑ ነው። ስኳር ያለበት ውሻ ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይበላል፣ ግን ይከሳል። ኩሺንግ ያለበት ሆዱ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ፀጉሩ ይሳሳል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሽንት በዛ ብላችሁ ውሃ አትከልክሉ። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ውሃ ከተከለከለ በአንድ ቀን ይወድቃል።

ሲኤምሲ ሰፈር

ማህፀኗ ላልወጣ ውሻ ባለቤቶች ልጻፍ፣ ምክንያቱም እዚህ አዲስ አበባ አብዛኛው ሰው አያስወጣም። የጎረቤቴ ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜዋ ካለፈ ከወር በላይ ሆኗት ነበር። ውሃ መጠጣት አበዛች፣ ኮሪደር ላይ ሸናች፣ ምግብ ተወች። ሁሉም የሽንቱን ነገር ነው ያወራው። ሐኪሙ ሆዷን በአልትራሳውንድ ሲያይ ማህፀኗ መግል ሞልቷል። ያኑ ዕለት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ተረፈች።

ቴክኒሻኗ

ፒዮሜትራ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያ ጊዜዋ ካለፈ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ውስጥ ነው። ክፉነቱ ፈሳሽ የማይታይበት ዓይነት መኖሩ ነው፤ የማህፀኑ በር ተዘግቶ መግሉ ውስጥ ይቀራል። ውሃ ጥም፣ ድካም፣ ማስመለስ አንድ ላይ ከመጡ ለነገ አይባልም።

ሃይፋ

እኔ ደግሞ ሽማግሌ ውሻ አለኝ፣ 14 ዓመቱ። ሽንቱን ሌሊት ሳሎን መሃል ቆሞ ይለቀዋል። ሽንቱም ደሙም ተመረመረ፣ ንጹህ ነው። ግን ሌላም ነገር አለው። ሌሊት ይነሳል፣ ግድግዳ ላይ አፍጦ ይቆማል፣ ከወንበር ጀርባ ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል። አንዳንዴ ውጪ ይወጣና ምን ሊያደርግ እንደወጣ ረስቶት ይመለሳል። ሐኪሟ የእርጅና የአእምሮ መድከም ነው አለች፤ በሰው የመርሳት በሽታ እንደምንለው። መድኃኒት ጀምረንለታል። ሌሊት በሩ አጠገብ መብራት አናጠፋም፣ ከመተኛታችን በፊት በገመድ ይዘን እናወጣዋለን። ዳይፐርም አለ፤ ሳቁብኝ፣ ግን አለ።

ገርጂ

ማን ይስቃል። የእኛው ደግሞ ወገቡን ስለሚያመው ሦስት ደረጃ መውረድ ጠልቶ ነው አንዳንዴ። እርጅና ሲሉን ሁሉም ጭንቅላት አይደለም፤ መገጣጠሚያም ነው። ደረጃው ላይ የሚያንሸራትተውን ነገር ሸፈንኩለት፣ ትንሽ ተሻለው።

ባለ ወንዱ

የእኔ ወንድ ነው፣ ትንሽዬ ማልቲዝ። ኮንዶሚኒየም ስንቀይር ጀመረ። ግን የእሱ እንደናንተ ኩሬ አይደለም። እግሩን አንስቶ የሶፋውን እግር፣ የመጋረጃውን ጫፍ፣ የእንግዳ ቦርሳ፣ ሁሉንም ጭር ጭር። ከፎቁ በላይ ሌላ ወንድ ውሻ አለ።

ቴክኒሻኗ

ያ ሽንት መሽናት አይደለም፤ ምልክት ማድረግ ነው። "ይህ የእኔ ነው" እያለ ነው። ብታኮላሸው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ልማዱ ከቆየ ግን ሙሉ በሙሉ ላይተወው ይችላል። ለጊዜው የእንግዳ ቦርሳ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሲኤምሲ ሰፈር

የጳጉሜ መጨረሻ ሌሊት ርችቱ ሲተኮስ የእኛዋ አልጋ ሥር ገብታ ለቀቀችው። ይሄስ በሽታ ነው?

ቴክኒሻኗ

አይ፣ ፍርሃት ነው። እዚህም ጁላይ 4፣ በአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ ርችት ስለሚተኮስ በማግስቱ ስልካችን አያርፍም። ሳይመሽ አስሸኗት፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ሬዲዮ ክፈቱ። ስትደበቅ አትጎትቷት። በጣም የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ለዚያ ሌሊት ብቻ የሚሰጥ ማረጋጊያ አለ፤ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። የሰው መድኃኒት አትስጡ።

እጣን በርከቻቻ

የማንም ጉዳይ ያልሆነውን ጥያቄ ልጠይቅ፤ ሽታው በምን ይለቃል? እኔ በረኪና አፍስሼ፣ እጣን አጭሼ፣ እንግዳ ሲመጣ አሁንም ይሸታል።

ማታ አንባቢ

በረኪና ተዪ! ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ። አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ምንጣፉንም ያነጣዋል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም አይሆንም፤ ለውሻ የሽንት ሽታ ስለሚመስል "ቦታው እዚህ ነው" እንደማለት ነው። እጣኑ የአንቺን አፍንጫ ይሸነግላል እንጂ የእሷን አያታልልም።

መጀመሪያ በፎጣ ጫን ጫን እያልሽ ምጠጪው፤ አትፈትጊው፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ኤንዛይም ያለው ማጽጃ። አሜሪካና አውሮፓ በየእንስሳት ዕቃ መደብሩ አለ። እሱ የሽንቱን ቅሪት ይሰባብረዋል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ አፍስሰሽ ወዲያው አትጥረጊው፣ ርሶ ይቆይ። ኤንዛይሙ ከሌለ አቼቶ በውሃ በርዘሽ ተጠቀሚ። እንደዚያኛው አይደለም፣ ከበረኪና ግን ይሻላል። አቼቶና በረኪናም አይቀላቀሉም።

የቡኒ እናት

ተመለስኩ። ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሽንቷ ውስጥ ደምም ባክቴሪያም ተገኘ። ከዚያ ሆዷን ራጅ አነሷትና ፊኛዋ ውስጥ ጠጠሮች ታዩ። ሐኪሟ ስትሩቫይት የሚባለው የጠጠር ዓይነት ሳይሆን አይቀርም አለች። አንቲባዮቲክ ሰጠችን፣ ልዩ ምግብም አዘዘችላት። ጠጠሩ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊሟሟ ይችላል ብላናለች። እውነት ነው? ባለቤቴ "ድንጋይ በምግብ ይሟሟል ስትባሉ ታምናላችሁ?" እያለ ነው።

ቴክኒሻኗ

እንኳን ታወቀ! አዎ፣ ስትሩቫይት ይሟሟል። በሴት ውሾች ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኢንፌክሽን ነው። አንዳንድ ባክቴሪያ ሽንቱን ይለውጠዋል፣ አሲድነቱ ይጠፋል፣ ማዕድኑ ይረጋል፣ ጠጠር ይሆናል። አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ምግቡ ሽንቱ ውስጥ ማግኒዥየምና ፎስፈረስ ይቀንሳል፣ አሲድነቱን ይመልሳል። በሳምንታት ውስጥ ጠጠሩ እየቀለጠ ይሄዳል። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ዓይነት ቢሆን ግን በምግብ አይሟሟም፤ ቀዶ ነው። ለዚያ ነው ራጁ የሚደገመው። አንቲባዮቲኩንም "ተሻላት" ብለሽ መሃል ላይ አታቋርጪ።

አሁን ዋናው ነገር ከዚያ ምግብ ሌላ ምንም አለመቅመሷ ነው።

የቡኒ እናት

እሱ ላይ ነው ችግሩ። ለካ እማዬ በቃል ትቆጣለች እንጂ ቀን ቀን እኛ ሥራ ስንሄድ ከዶሮ ወጡ ፍትፍት ታበላታለች! ልጄ ነው ያጋለጣት። "ያ የደረቀ ነገር ምግብ ነው? ስታየኝ አንጀቴን በላችው" አለችን።

ሸገር ነኝ

ቅናት ያልኩትን መልሻለሁ። ይሄ ፍቅር ነው።

ቴክኒሻኗ

ለእናትሽ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ወጡ ይቁም። ለጠጠሩ ብቻ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ተቁላልቶ መብሰሉ አያድንም። ዶሮ ወጥ ደግሞ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚገባበት እናንተው ታውቃላችሁ። የተጎዳ ውሻ ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል። ጨውም ያስጠማል፤ የጠጣ ደግሞ ይሸናል። ፋሲካ ማግስት ቅባትና አጥንት በልተው በተቅማጥ የሚመጡትንማ አታንሱብኝ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ፤ ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሮ ወይም ቀልቶ ካያችሁ መዥገር ፈልጉበት። በመዥገር የሚተላለፍ ደም የሚያፈርስ በሽታ አለ፤ ባቤዥያ ይባላል፣ ትኩሳትም አለው። የእብድ ውሻ ክትባቱ ያለፈበት ውሻ ጠባዩ ድንገት ተለውጦ ለሃጩ የሚዝረበረብ ከሆነ ግን አፉን ልክፈት አትበሉ። ለይታችሁ ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ ያኑ ዕለት ጤና ተቋም ይሂድ።

የቡኒ እናት

ለእማዬ ሥራ ሰጠናት። የታዘዘላትን ምግብ ሰፍራ የምታቀርበው እሷ ሆነች። "መድኃኒት ነው" ስንላት ገባት። እንደውም አሁን ልጆቹ ብስኩት ሲጥሉላት የምትቆጣው እሷ ናት። አንቲባዮቲኩ ከተጀመረ ወዲህ ማማጧ ቀንሷል። ለጊዜው ቶሎ ቶሎ እናወጣታለን፣ ማንም ቤት በሌለ ሰዓት ምንጣፍ የሌለበት ክፍል ትቆያለች። ምንጣፉ ላይ ኤንዛይሙን አፍስሰናል፤ አከራዩን እግዜር ያውቀዋል። ባለቤቴ ግን አሁንም "ትንሽ እልህም ነበረበት" ይላል።

ሰሚት

ዘግይቼ ገባሁ። የእኔም ሴት ናት፣ ከሰሞኑ ጠብ ጠብ ጀምራለች፤ አታምጥም። እዚህ አዲስ አበባ ሐኪሙ እቤታችን መጥቶ ያያታል፣ ግን ሽንቷን ያዢ አለኝ። ሽንት ከውሻ እንዴት ይያዛል?

ቴክኒሻኗ

ጠዋት መጀመሪያ የምትሸናው ይሻላል፤ የተጠራቀመ ነው። በገመድ ይዘሽ አውጪያት። ቁጢጥ ስትል ከኋላ ቀስ ብለሽ እጀታው ረጅም የሆነ ንጹህ ነገር ሥሯ አስገቢ። ጭልፋ ጥሩ ነው። የመጀመሪያዋ ጠብታ ትፍሰስ፣ መሃሉን ያዢ። ክዳን ባለው ንጹህ ዕቃ ገልብጪው፣ ወዲያው ካልሰጠሽ ፍሪጅ ይግባ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይድረስ። ሐኪሙ ላብራቶሪ ከሌለው ወይም ራጅ ካስፈለገ ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጠይቂ።

እያማጠች ምንም ጠብታ የማይወጣት ከሆነ ግን ናሙናውን ተዪውና በቀጥታ ይዘሻት ሂጂ። ይህ ወንዶቹ ላይ ይብሳል፤ የሽንት ቱቧቸው ጠባብ ስለሆነ ጠጠር ይደፍነዋል። ሽንት ሙሉ በሙሉ የቆመበት እንስሳ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም።

ሰሚት

ትሸናለች፣ ብቻ ጥቂት ጥቂት ነው። ነገ ጠዋት ጭልፋዬን ይዤ ግቢ እወርዳለሁ። ዘበኛው ምን እንደሚለኝ እንጃ።

እጣን በርከቻቻ

ጭልፋውን መልሰሽ ማዕድ ቤት እንዳታገቢው ብቻ።